ያለ ዘመድ

ያኔ መዝጋቢ ነበርኩ፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት፣
ባንግዌሉ ሞልቶ ሲፈስ፣ ግቢያችን ሲሆን ደሴት።
ደወላችን የትራክተር ቸርኬ፣ መምቻው የአልጋ ብረት፤
ሲደወል ዳክዬው ይነሳል፣ ልጆቹ ግን ከእንቅልፍ ጋር ሙግት።

ሲስተር ያድቪጋ በገንፎው ድስት ላይ ስትጸልይ
አንድ ዓይኗ ከሰማይ፣ አንዱ ከጭልፋው ላይ።
ዱቄቱ እንዳነሰ ታውቃለች፣
ስለዚህ «አሜን»ን ታስረዝማለች፣
ረጅም ጸሎት ድስት የሚያበረክት ይመስል።

ከባሕር ማዶ ቅጽ መጣ። ላኪዎቹ ደጎች ናቸው፣
የልጅ ፎቶ የሚሰቅሉ በየግድግዳቸው፣ በየቤታቸው።
አባት፤ እናት፤ ቀጥሎ ጠባብ ሳጥን፣ «ሌላስ?» የምትል፤
«ማንም» ተብላ ከሄደች ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል።
ይህን ያስተማረኝ የለም። ከደብዳቤዎቹ መዘግየት ተማርኩት።

ካሶንዴ በስድስት ዓመቱ መጣ፤ ሸሚዙ የሟች አባቱ፣
እጅጌው ሦስቴ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወርዶ ከጉልበቱ።
ያመጣችው አክስቱ ናት፣ ንካንዱ፣ ሁለት ቀን ታንኳ ቀዝፋ፣
ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆመች፣ ጭቃዋን አራግፋ።
እየሰማኋት ስትተነፍስ፣ አጠገቤ ቆማ ሳለች፣
«ያለ ዘመድ» ብዬ ጻፍኩ። ማንበብ አትችልም፤ ፈገግ አለች።
የቀለሙን ስፖንጅ ሰጠኋት። አውራ ጣቷን ነክራ
ከቃሉ ሥር ተጫነች፤
ላለመኖሯ ራሷ ምስክር፣ በገዛ አሻራ።

ከዚያ በየመንፈቁ መጣች፣ የጭስ ዓሣ በቅርጫት ይዛ።
«ለትምህርቱ» ትላለች።
ትምህርቱ ግን ተከፍሏል፤ ከፋዩ የእሷ አለመኖር ነው።
ዓሣውን በላነው። እኔም በላሁ።
ጥሩ ዓሣ ነበር፤ ጨው አልጎደለውም።

ካሶንዴም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ ለማያውቀው ቤት፦
«ደህና ነኝ። ሒሳብ እወዳለሁ። በረዶ ይቆረቁራል ወይ ሲረግጡት?»
«አክስቴ ዓሣ ታመጣልኛለች» ያለበትን መስመር
እኔ ነኝ ያስፋቅሁት፤
«ፊደሉ አላማረም፣ ድገመው» ብዬ፣ በመምህር ምክር።

አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ መዝገብ ቤት ሊጠርግ ገባ።
ስሙን አገኘ፤ ፎቶውን፤
አውራ ጣት የምታህል ሰማያዊ አበባ።
በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ
ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እንደሚጠይቅ።
«ያለ ዘመድ» አለ።
«ለ»ን እኔ አላልቼ ጻፍኳት፣
እሱ አጥብቆ አነበባት።
«ልክ ነው መምህር፤ ይሄ ጣት የእሷ ነው።
መሐሉ ላይ ያለችው ጠባሳ መንጠቆ የወጋት ቀን የቀረች ናት።
ያለ ዘመድ። አለችኝማ።»

የዋህነቱ ይሁን ምሕረቱ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።
መጥረጊያውን አንስቶ ከመደርደሪያው ሥር መጥረጉን ቀጠለ።

ማታ ለሲስተር ያድቪጋ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ዓሣውንም ጭምር።
ሳጥኑን ላርመው ስል፣ ገንዘቡ ሊቀር እንደሚችል፣ አልደበቅኋትም።
ጭልፋዋን አስቀመጠች። ይህን ጊዜ ጸሎቷ አጭር ነበር፤
ከንፈሯ እንኳ ስለመነቃነቁ እጠራጠራለሁ።
«ስንት ቅርጫት ሆነ?» አለች።
ቆጠርን። ዐሥር።
በአዲስ ገጽ ላይ፣ «ከፋይ» ከሚለው ሥር፣
ንካንዱ ብላ ጻፈች፣ ዐሥር ቅርጫት፤ ቀጥሎም
ለፊርማ የሚሆን ባዶ ቦታ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ።

ውሃው ሲጎድል ንካንዱ መጣች።
እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ወደ ስፖንጁ ዘረጋች።
ካሶንዴ እጇን ያዘና እርሳስ አስጨበጣት።

እንደ መቅዘፊያ ነው የያዘችው።