ሰባ ብዬ ጽፌ ነበር

በሙሬሽ ወንዝ ዳር፣ በዴቫ ከተማ፣
ቢሯችን ጠባብ ናት፣ መስኮቷ ጨለማ፤
ሩክሳንድራና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣
ሸለቆውን ሙሉ በካሬ ቆራርጠን፣
ለእያንዳንዷ ካሬ ዋጋ እንለጥፋለን።

ሠላሳ ሜትር በሠላሳ፣ ለአንድ ካሬ አንድ ቁጥር፤
ለጥቅጥቁ ጫካ አንድ፣ አምስት ለግጦሽ ምድር፣
ለወንዙ ሠላሳ፣ ለሐዲዱ አርባ፣
ለአውራ ጎዳናው መቶ፣ ሰው ላለበት ሰባ።
ዋጋው የገንዘብ አይደል፣ የእግር ድካም ነው፤
ድብ ሲሻገር በሌት ልቡ የሚከፍለው።

«መቶውን ማን ሰጠው?» ያለኝ ሰው አልነበረም።
እኔ ነኝ።
በምሳ ሰዓት፣ በአንድ እጄ ዳቦ ይዤ።
ግምቴ ሠንጠረዥ ገብቶ፣ ውሎ አድሮ እውነት ሆነ፤
ማንም ያልመዘነው ሁሉን መዘነ።

ከሰሜን አፑሴኒ፣ ከድቦቹ ዋሻ፣
ማሽኑ ይነሳና እስከ መጨረሻ
ካሬ በካሬ ላይ ድካም ያጠራቅማል፤
ከደቡብ ሬቴዛት ሁለተኛው ይመጣል።
ሁለቱ ሲደመር እያንዳንዷ ካሬ
ትጠየቃለች፦
«በአንቺ በኩል ቢያልፍ፣ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ፣ ስንት ያስከፍላል?»
ትንሹን የጠራች አረንጓዴ ትለብሳለች፣
ጎረቤቷም ትንሽ ጨምራ ትከተላለች።
መስመር አይደለም፣ ስፋት ነው፤ ኮሪደር ይሉታል።
ድብ እንደ ክር አይሄድም፤
ያሸታል፣ ይቆማል፣ ያሰበውን ትቶ ይመለሳል።

አረንጓዴው ወርዶ ወርዶ፣ ወንዙ ጋ ሲጠጋ፣
ከሽማግሌው ፓንተሊሞን የፕሪም አጥር ጥግ ጋ፣
እሳት እንደነካው ጣት ደንግጦ ታጠፈ፤
አራት ኪሎ ሜትር ዞሮ በድልድይ ሥር አለፈ።

በመስከረም ወረድን፣ ድልድዩን ልናይ።
የውሻ ዳና አለ። የመኪና ጎማ።
ግራ እግር ጫማ፣ ቀኙ የሌለ።
የድብ ግን፣ አንድም።

«ሰባ?» አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣ እያወለቁ፤
«ዕድሜዬ ከሆነ አሥራ አንድ ጎደላችሁ» ብለው ሳቁ።
ከዛፎቹ መሃል ይዘውን ገቡ፦
የተገነጠለ ቅርንጫፍ፣ ግንድ ላይ የጥፍር ጭረት፣
በፕሪም ዘር የታጨቀ፣ ገና ያልደረቀ እዳሪ።
«የታችኛውን ቅርንጫፍ እኔ አልለቅምም፣ የእሷ ድርሻ ነው።
በሩንም አልዘጋም፤ ብዘጋው ትሰብረዋለች፣
ለመጠገን ደግሞ ጉልበቴ የታል?
ውሻዬም አርጅቷል፤
አንዴ ይጮህና፣ ግዴታውን ተወጥቶ፣ ይተኛል።»

ቢሮ ተመልሰን ሰባውን ደመሰስኩ።
በር ለማይዘጋ ሰው ስንት ይጻፋል?
ሶፍትዌሩ «መሬቱን ምን ሸፍኖታል?» ይላል እንጂ
«ማን ይኖርበታል?» ብሎ አያውቅም።
«በአንድ ሽማግሌ ቃል?» አለች ሩክሳንድራ።
«መቶውስ በማን ቃል ነበር?» አልኳት።
ዝም አለች። ሦስት ጻፍኩ።

እንደገና ተሰላ። ደጋፊው ጮኸ፣ ማሽኑ ጋለ፣
አረንጓዴው ከድልድዩ ሥር ወጣ፣ ተንከባለለ፣
በፓንተሊሞን በር ገባ፤
እዚያ ላይ ብቻ ጠቦ፣ ሁለት ካሬ ሆነ።
ስድሳ ሜትር።

ስንሰናበታቸው ቀስ ብለው ያሉት ግን
ከሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ አጣሁለት፦
«ልጄ ቱሪን ነው ያለው። አጥር ይወዳል።
እኔ የሞትኩ ለት፣ እዚህች ጋ፣ ስንት ትጽፋላችሁ?»

ፋይሉን «የመጨረሻ፣ ሰባተኛ» ብዬ አስቀመጥኩት።