የገብስ ፍሬ የሚያህል

ቤቴ ዘሙን ላይ ነው፣ ከኬላው ጥጋት፣
ሳቫ ዳኑብ ገብታ፣ ስሟን በምትረሳበት።
ወዲህ ቄሣር አለ፣ ወዲያ ማዶ ሱልጣን፣
መሐል እኔ አለሁ፣ ጢስ ነው የኔ ሥልጣን።

ኦስቶያ ይሉኛል። ፊደል አልቆጠርኩም፤
ለዚሁ ቀጠሩኝ፤ እኔም አላፈርኩም።
"ማንበብ የማይችል ሰው፣ ምሥጢር አያወጣ"
ብሎ የኬላው ሹም፣ ወስፌ ይዞ መጣ፤
ዲንና ኮምጣጤ፣ ጉጠትም ጨመረ፤
ሽታው ከገላዬ፣ ሳይለቅ እዚያው ኖረ።
ቸነፈር ከማዶ፣ በወረቀት ታጥፎ፣
እንዳይገባ ብለው፣ ከሰላምታ ጋር አልፎ።

ሻሂን ከእስታንቡል፣ ሲመጣ ጋልቦ፣
ፈረሱ ላብ ለብሶ፣ አረፋ ደርቦ፣
አምስቱን አድክሞ፣ በስድስተኛው ላይ፣
ይቆማል አጥሩ ጋ፣ እጅ እጄን ሲያይ።
ሰው ሃያ አንድ ቀን፣ ታግዶ ይገባል፣
ደብዳቤ ግን ታጥኖ፣ ባንድ ሰዓት ያልፋል፣
ፈረስ አይሻገር፤ ሕጉ እንዲያ ይላል።
ኮረጆውን ወርውሮ፣ ይመለሳል ሻሂን።
አሥር ዓመት ሲመጣ፣ ጨብጬው አላውቅም፤
ጥላው አጥር ያልፋል፣ እሱ ግን አያልፍም።

ወዲህ በኩል ቆማ፣ የማትያሽ ባዝራ፣
ወዲያ የሻሂን ድንጉላ፣ እሷን ሲጣራ፣
አሽካክታ ስትመልስ፣ ድምጿ አጥር ሲሰብር፣
ለዚያ ወስፌ የለኝ፤ ለዚያ ዲን አልነበር።
ሹሙም ጆሮ አልሰጠው፤ ፈረስ ምን ሊናገር!

በጉጠት አንሥቼ፣ ኮምጣጤ እነክራለሁ፣
በወስፌ ወግቼ፣ ጢሱን አስገባለሁ።
ማኅተሙ ሲሞቀው፣ ያነባል ቀስ ብሎ፤
እኔ ግን አላነብ፤
ሰሙን ነው የማውቀው፣ ወርቁ ለባለቤቱ።
በሽታ ነው ሥራዬ፣ በሽታ እለያለሁ፦
የነጋዴው ወረቀት፣ ጥጥና ቆዳ ነው፣
የወታደሩን ላብ፣ ትንባሆ ያጠነው፣
መበለት የጻፈችው፣ ከሁሉም ቀላል ነው።
ወስፌዬ ጎባጣ ናት፤ ቀዳዳዋ ክብ አይደል፤
የገብስ ፍሬ መስሎ፣ ወደ ጎን ያጋድል።

ራዶይካ ልጄ፣ ሳትነግረኝ ተሻግራ፣
ኒሽ ገባች አሉኝ፣ ከአንድ ቀጥቃጭ ጋራ።
ስድስት ክረምት አለፈ፣ ወሬዋ ሳይወራ።
እኔም አልጠየቅኩም። ኩራት ነው፣ ምን ላውራ?

በሰባተኛው ጻፈች። የላከችው ግን
ወደ ድሮው መንደር፣ ወደ ሩማ ነው፤
ኬላ መግባቴን ማን ይንገራት?
ሻሂን ወረወረው፤ እኔ በጉጠት አነሣሁት፤
ወጋሁት፣ አጠንኩት፣ ለማትያሽ ሰጠሁት፤
ባዝራይቱ ጭቃ እየረጨች ይዛው ሄደች።
ያን ለት ምን እንደበላሁ እንኳ አላስታውስም።

ዓመት ከርሞ በአጃ ጋሪ ተመለሰ።
ቀዳዳውን ሳየው እጄን አወቅኩት፤
የጻፈውን ሳላውቅ፣ የበሳውን አወቅኩ።

አባ ጌራሲም መነጽሩን ወልውሎ አነበበ፦
"አባቴ፣ ተቆጥተህ እንደሆነ ቁጣህ ይብረድ።
ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ግንባሩ ያንተ ነው፤
እንቅልፉም እንዳንተ፣ እጁን ጨብጦ ነው።
ስሙንም ያወጣሁለት…"

ዝም አለ።
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣው፤
የገብስ ፍሬ የምታህል ብርሃን
ጺሙ ላይ ወደቀች፣ ወደ ጎን አጋድላ።
"ከ'ስ' ይጀምራል" አለኝ፤ "ወይም ከ'ሽ'።"

ሻሂን ሲመጣ በአጥሩ ላይ ጮኽኩ፤
በተሰባበረ ቱርክኛ፣ ኒሽ፣ ቀጥቃጩ ቤት፣ ሕፃኑ፣ ስሙ!
እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማኝ፤
ነፋስ ነበር፤ ድንጉላውም ያሽካካል።
ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ይሁን አላውቅም ይሁን።

ዛሬም ኮረጆው ሞልቷል።
ነጩ ላይ ብቻ ልውጋ ብዬ ነበር፤
ወረቀት ግን ሲታጠፍ፣ ዳሩ መሐሉ ላይ ያርፋል፤
ከላይ ነጭ ያልኩት ከሥር ማን እንደሆነ…

ማትያሽ ኮርቻው ላይ ወጥቷል፣ ይቸኩላል።
ወስፌዬን አንሥቻለሁ።
ቆይ፣ አልኩት። ትንሽ ቆይ።