የእሳት እራት

ሐዋሳ፣ ፋብሪካው በር፣ በሌሊት ተራዬ፣
ዱላዬን ታቅፌ፣ ካፖርት በላዬ፣
አንዲት ትንሽ መጣች፣ ዐመድ የመሰለች፣
አምፖሉን ገጭታ ጫማዬ ላይ ወደቀች።
«የእሳት እራት» ብሎ ስም ያወጣላትን
ረገምኩት በልቤ። ምን በድላው ይሆን
ገና ሳትቃጠል እራት ያደረጋት?
በጣቴ አነሳሁ፣ ጨለማው ውስጥ ለቀቅኳት።

ቅዳሜ ቱላ ነኝ።
ዳንጊሴ ጎህ ሳይቀድ በቆሎው ውስጥ ገብታ
የለጋውን እምብርት በጣቷ ከፍታ
ሰጋቱራ መሳይ ኩሱን ትጠርጋለች፤
ግንባሩ ላይ ባላ የተዘቀዘቀበት
ተምች ታወጣለች፣
ኦሞ በበጠበጠችበት ሃይላንድ ትጨምራለች።
«መቶ አስራ ሰባት» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

«እናቱ ማን ትሆን?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።
ዝም።

ማታ ካፖርቴን ስታራግፍ
ኮሌታው ሥር አገኘች
ጥጥ የለበሰ የእንቁላል ክምር፣
አንዱ ፍሬ ከሰናፍጭ ያነሰ።
ወደ ኩራዙ አስጠጋችው።
እኔን አየች። እንቁላሉን አየች።
በአውራ ጣቷ ጥፍር
ቀስ ብላ፣
አንድም ሳታስቀር ጨፈለቀችው።

«እራት ቀርቧል፤ ና» አለች።