የወዛደሩ ፊት

ነሐሴ ነው ጊዜው፣ በስድሳ ዘጠኝ፣
ጋሽ ቢሻው ሰዓሊው ቀለም ሲያስበጠብጠኝ።
ዶሮ ማነቂያ ነው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
በሯ ሲዘጋባት ሳጥን የምትመስል።

ከቀበሌ መጡ፦
«አንድ ወዛደር ሥራ፣ መዶሻ ያነሳ፣
ቁመቱ አሥር ሜትር፣ ደረቱ የአንበሳ።
ለበዓሉ ይድረስ። ፈገግ ይበል ደግሞ፤
ነጻ የወጣ ጭቁን አይታይም ታሞ።»

አቡጀዲው ረጅም፣ ክፍሏ የማትበቃው፣
ሰውየውን ቆራርጠን በየተራ ሠራነው።
እግሩን ለኔ ሰጠኝ፤ ቦቲውን ቀባሁት።
ፊቱን ግን ለብቻው፣
ሌሊት፣ በኩራዝ፣ ሲሠራው አየሁት።

አየሁት፣ አወቅሁት፦
የግራ ቅንድቡ ከመሃል የጎደለ፣
የውብሸት ፊት ነበር፤ የልጇ፣ የእትዬ አስካለ።

በግንቦት የወሰዱት፣
ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈው ድልድይ ሥር የጣሉት።
ሰፈሯ እሪ በከንቱ፤
እሪ ማለት ክልክል።
ክረምቱን በሙሉ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች፣
ለሚጠይቃትም «አቃጠለኝ» እያለች።

መስከረም ሁለት ቀን፣ ከአደባባዩ ራስ፣
ሰውየው ተሰቀለ። ሰልፉ እዚያ ሲደርስ
እትዬ አስካለ ቀና አለች፤ ነጠላዋ ወደቀ።
ጉልበቷ ግን ጠበቀ።
ካድሬው በማይክራፎን «ለዘላለም!» ሲል
እሷ «ይኑር!» አለች፣ ጉሮሮዋ እስኪቆስል።
«ይኑር!»
አሁንም «ይኑር!»
ዓይኗን አቡጀዲው ላይ ተክላ፣ አንገቷን ሳትሰብር።

ከዚያ ወዲያ ከሰልፍ ቀርታ አታውቅም።
በዓመቱ «አርአያ እናት» ብሎ ቀበሌው ሸለማት፣
ሦስት ኪሎ ስኳር፣ የምስክር ወረቀት።
እጅ ነስታ ስትወርድ አንድ ነገር ለመነች፦
«ሲያረጅ ጨርቁን ስጡኝ፣ አልጋ ላለብስ» አለች።

አልሰጧትም።
የኅብረት ሱቁን ጨው ሸፍነውበት አየሁ፣
ዝናብ ከአፍንጫው ሥር ቀዶታል።

ዛሬ ማተሚያ አለኝ፣ ከጊዮርጊስ በታች።
ፊት በፍላሽ ይመጣል፣ በሜትር ይሰላል፤
ጥርሱ ሁሉ ነጭ ነው፣ ማንን ይመስላል?
ዶሮ ማነቂያም የለ፣ እሪ በከንቱም የለ፤
መብራትና አበባ ተተክሎበታል።
አንዳንድ ወጣት ይመጣል፣
«ጋሼ፣ ሥዕል እውነት ሕዝብ ያነቃል?» ይለኛል።

እኔም ጋሽ ቢሻውን ጠይቄው ነበረ፣
ሊሞት ዓመት ሲቀረው፣ ጠጅ ቤት፣ አመሻሽ፦
«አውቀህ ነው ያን ጊዜ?»
ብርሌውን አስቀመጠ። ዝንቧን አባረረ።
«ሦስት ቀን ነው የሰጡኝ። ሌላ ፊት አልመጣልኝም።»
ዝም አለ። ቆየና፦
«መዶሻውን የያዘው እጁ ግን አንሷል።
እሱ እስካሁን ድረስ ያንገበግበኛል።»