ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

የእሑድ ገበያ፣ ሞንቴቪዴዎ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣
እኔ ዙልማ ኢቻርት፣ ካርቶኔን አዝዬ፣ የአስፋልት ጥግ ፍለጋ።
በቀኜ ዊልሰን ነው፤ የዛገ ቁልፍ ሻጭ፣ በር የሌለው ሁሉ፤
በግራዬ ደግሞ ጥንቸል የሚሸጡ ባልና ሚስት አሉ።
"እነሱ ታደሉ" አልኩት አንድ ማለዳ፣
"ጥንቸል ሳይሸጥ ቢቀር ይበላል በጓዳ።"
"መጽሐፍሽም ይነዳል፣ ብርዱ ሲበረታ" አለኝ፤
የሳቅኩ መስዬ ዞርኩ፤ ሁለት ቀን አመመኝ።

ሦስት መቶ ቅጂ።
የእናቴን የስፌት መኪና ሸጬበታለሁ፤
የቀረውን ዕዳ ለማተሚያ ቤቱ በየወሩ እከፍላለሁ።
አልጋዬ ሥር ሞልቷል።
ባሕር የሚያህለው ወንዛችን በሐምሌ እርጥበት ሲያመጣ
ሽፋኑ ይቆለመማል እንደ ድመት ጆሮ፤ እኔም ለሱ ጣጣ
ሌሊት እነሳና ካውያ እሰካለሁ፤
ሰው ሸሚዙን ሲተኩስ፣ እኔ ልብ ወለድ እተኩሳለሁ።

የመጻሕፍት መደብር ያለው ዶን ኤቫሪስቶ
አምስት ቅጂ ወሰደ፣ ከመቶ ስልሳውን ለእኔ ትቶ፤
በዓመቱ ብጠይቅ አምስቱም እዚያው ናቸው፣
ከመጸዳጃው በር ጎን ደርድሯቸው።
ያክስቴ ልጅ ኖርማ "አንዱን ስጪኝ" ብላ፣ ፈርሜ ሰጠኋት፤
በወሩ ሄጄ ሳይ፣ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ደግፋበት አገኘኋት።
(ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል። ልዋሽ አልችልም።)

"ማነው ያሳተመሽ?" ይላል መንገደኛ፣ ጀርባውን ገልብጦ፤
"ራሴ" ስለው ያስቀምጠዋል፣ የጋለ ብረት እንደነካ ደንግጦ።
አዎ፣ ጸሐፊዋ ራሴ፣ አራሚዋ ራሴ፣
ተሸካሚ፣ ተላላኪ፣ ገንዘብ ያዥ ራሴ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀናኝ
ተነስቶ የሚያጨበጭብ ማንም የለም፤ አጨብጫቢውም እኔው ነኝ።
ስሕተት ሲገኝም ሌላ ተጠያቂ የለም።

ተገኘ ደግሞ።
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ከላይ አራተኛው መስመር፤
ባለታሪኬ ያለበት ደለል ጠራጊ መርከብ ሰምጦ ነበር፤
ሚስቱ ወደቡ ላይ ሌሊቱን ቆማለች፤
"አልተመለሰም" ብዬ ነበር፤ ያቺ ቃል ነበረች
የመጽሐፉ ምሰሶ፣ አራት ዓመት ጽፌ የደረስኩባት።
በቋንቋችን አፍራሿ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤
ሁለቷ ወደቁ። ማተሚያው ውጧቸው ይሁን የኔ ዓይን ደክሞ፣
"ተመለሰ" ይላል፣ የሰመጠው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ።
በሚቀጥለው ገጽ ሚስቱ ባዶ ሣጥን ትቀብራለች።

ብዕር ያዝኩ። ሰባት ሌሊት፣ ከጉምሩክ ሥራዬ ስገባ፣
ሁለት ፊደል፣ ሁለት ፊደል፣ በየቅጂው ሳስገባ፤
አሥራ አንዱ ግን አስቀድሞ ተሸጧል፤
አሥራ አንድ ቤት ውስጥ ያ ሰው ተመልሷል።

በጥቅምት፣ ጸደያችን ሲገባ፣ አንዲት ሴት መጣች፤
ካፖርቷ የወንድ ነው። መጽሐፌን ከጉያዋ አወጣች፤
ጠርዙ አልቋል፤ የአውቶቡስ ትኬት አለበት መሐሉ።
"አንቺ ነሽ?"
"እኔ ነኝ።" ገንዘቤን መልሺ ልትል ነው ብዬ ነው፣ ሆዴ ባር ባር ማለቱ።
"ባሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር" አለች። ሌላ አልጨመረችም።
"ይህቺን ገጽ ሳልተኛ በፊት አነባታለሁ። ከሷ ወዲያ አላነበብኩም።
አንድ ነገር ንገሪኝ፤
ሲመለስ፣ ጫማው እርጥብ ነበር?"

ብዕሬ ኪሴ ውስጥ ነው። ክዳኑን በአውራ ጣቴ ከፈትኩት፤
መልሼ ዘጋሁት።
ዊልሰን ቁልፍ መቁጠሩን ተወ።
"እርጥብ ነበር" አልኳት፤ "በር ላይ ነው ያወለቀው።"
ድሮም እንደሚያውቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች።
"እንግዲያው ለእህቴም አንድ ስጪኝ" ብላ ሳንቲም ቆጠረች።
ከፊቴ አርባ ቅጂ ተደርድሯል፤ ሁሉም ታርሟል።
"አልቋል" አልኳት።
"እነዚህስ?"
"ሌላ መጽሐፍ ናቸው።"

ያን እሑድ አንድም አልተሸጠ፤ ዊልሰንም ቀኑን ሙሉ ዝም አለኝ።
ማታ ከደጄ ሥር የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ጠበቀኝ።
ካውያውን ሰካሁ፤ እስኪግል ድረስ በሒሳቡ ጀርባ
አንድ መስመር ጻፍኩ፦
ጫማውን በር ላይ አወልቆ፣ በባዶ እግሩ ገባ።