የአንገቴ ነገር

ሰኞ ጠዋት ነቃሁ፤ አንገቴ ደርቋል፣
ከትራሱ ጋራ ሲመክር አድሮ እኔን አግልሏል።
ወደ ግራ፦ ወይ ፍንክች! ወደ ቀኝ፦ ወይ ፍንክች!
ስሜን የጠራ ሰው መልሴን እስኪያገኝ
እንደ ቁም ሳጥን ነው አራት ሰው የሚያዞረኝ።

ጥፋቱ የጦይባ ነው። እኔ ኤሲው ሥር፣ ሪሞቱ እሷ ትራስ ሥር፤
አሥራ ስድስት ላይ ትተክለውና ታንኮራፋለች እንደ ሞተር።
በሐምሌ፣ በሻርጃ፣ አስፋልቱ ሶል በሚያቀልጥበት ምድር
«ብርድ መታኝ» ብዬ ለማን ልናገር?

አንገቴ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፣ ባልከፋኝ።
ጣቶቼን ክሎሮክስ በላቸው፤ ስልኬ አሻራዬን «አላውቅሽም» አለኝ።
የተረከዜ ስንጥቅ ሳንቲም ቢከቱበት ይይዛል፤
(ሳንቲም ቢተርፍ ነዋ፤ እሱም ተልኮ ያልቃል።)
ደግሞ መንጋጋዬ፣ የታችኛው፣ የግራው፣
እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ወር ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ
ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ያስታውሰኛል ተንጠራርቶ።

የጎረቤት ዋይፋይ ሲይዝልኝ ማታ
ስልኬ እንደ ፈንድሻ ይንጣጣል፣ አይሰጠኝም ፋታ።
እንድሪስ፣ ወንድሜ፦ ሁለት ደቂቃ ከአርባ።
ደቂቃ ተኩሉ ሰላምታ ነው፤ ጤና፣ ዝናብ፣
ማሽላው እንደ በቀለ፣ ጎርፉ በየት እንደ ገባ።
ከዚያ «ያው እንግዲህ...» ይላል። ሆዴ ያውቃታል ይቺን ቃል።
ባለፈው ወር «ያው እንግዲህ» የባጃጅ ጎማ ነበረች፤
ካቻምና ሠላሳ ቆርቆሮ፣ ከነምስማሩ፣ ከነማገሩ ሆና መጣች።
ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነው፦ «ዱባይ ያለች እህት እያለን
ባዶ እጃችንን ብንሄድ ሰው ምን ይለን?»
(ሻርጃ ነው ያለሁት። ዘጠኝ ዓመት ነገርኩት።)

አክስቴ ዘምዘም ግን «ልጄ፣ እኔ ምንም አልፈልግ» ትልና
ዝም ትላለች።
ያቺ ዝምታ ናት ከሁሉም ውዷ፣
የሁለት ወር ደሞዝ የማይሸፍን ዕዳዋ፣ ግዷ።

«ድርሃም ስንት ገባ?» የማይል የለም፤ ጥርሱን ያልነቀለው ሕፃን ይጠይቃል፤
አንገቴ ስንት እንደ ገባ ማን ያሰላል?

ልብ በሉ እንግዲህ፦ እምቢ ለማለት አንገት ያስፈልጋል፣
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሊወዛወዝ ይገባል።
የኔ ግን የቀረው ላይና ታች ነው።
ላይ፣ ታች። እሺ። ላይ፣ ታች። እሺ።

ፋርማሲ ገባሁ፤ ቅባቱ ሃምሳ ሁለት ድርሃም አለ፣
በልቤ ወደ ብር መነዘርኩት፣ ግማሽ ኩንታል በቆሎ አከለ፤
መለስኩለት። ቪክስ ገዛሁ፣ በሰባት ድርሃም፤
ቀብቼ ተኛሁ። ጦይባ «ሸተተኝ» ብላ
ኤሲውን ጨመረችው ደግሞም።

ሐሙስ ማታ ለቀቀኝ።
በምጠርገው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሜ ሞከርኩ፦
ግራ፣ ቀኝ። እምቢ። ግራ፣ ቀኝ። እምቢ።
ሳቄ መጣ፤ ደገምኩ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ፤ ቢጁ ገባ፣ አለቃችን፣
«ነገ ዓርብ ትገቢያለሽ?» አለኝ
በዚያ በተሰባበረው የጋራ ዐረብኛችን።
ግራ፣ ቀኝ! አልኩት፣ የጆሮ ጉትቻዬ ጉንጬን እስኪመታ።
ደስ አለው። ስሜን ጻፈ፣ በፈገግታ።
ለካ በነቢጁ አገር
አንገት እንዲያ ሲወዛወዝ «እሺ» ነው!

ዓርብን ስወለውል ዋልኩ።
ማታ ለእንድሪስ ድምፅ ላኩ፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ፤
ደቂቃ ተኩል ሰላምታ፣ ከዚያ «ያው እንግዲህ...» ብዬ
ስለ አንገቴ፣ ስለ መንጋጋዬ፣ ስለ ጦይባ።
ሰማው። መልሱ አሥራ ሁለት ሰከንድ፦
«አላህ አፊያ ያድርግሽ። ያ ቪክስ ፍቱን ከሆነ
ለእማም ሁለት ላኪላት።»

ላይ፣ ታች።