ሰባተኛው ቁራጭ

ቱዝላ "ጨዋማ" ነው፥ በአገሩ አፍ ሲፈታ፤
ብረት እዚህ አያድር፥ ሳይቀመስ አንድ ማታ።
ኔጃቲ ያውቀዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፥
መርከብ ሆድ ሥር ተኝቶ፥ አልቋል ጉልበቱ።
ይፍቃል፥ ይቀባል፥ ይፍቃል መልሶ፤
ዝገት እንደ አበዳሪ፥ ይመጣል ገስግሶ።
"ቀለም ልብስ ነው" ይላል፥ "ልብስ ደግሞ ያልቃል፤
እኔ የማለብሰውን፥ ባሕር ያወልቃል።"

የእህቱ ልጅ ሙፊዴ፥ ጌብዜ፥ ቤተ ሙከራ፥
ከነጭ ዱቄት ጋራ፥ ውላ ታድራለች በሥራ።
ዚንክ ነው፥ ኦክስጅን ያቀፈው፤ ደቃቅ፥ እጅግ ደቃቅ።
"ስንት?" ላላት ሁሉ፥ ከፀጉሯ አንድ ዘለላ ነቅላ፥
"ይህችን በውፍረቷ፥ ሁለት ሺህ ቦታ ብንሰነጥቅ
አንዷ ስንጣሪ ናት" ትላለች፥ ጣቷ ላይ ጠቅልላ።

በእኔ ቋንቋ ድር ሲያብር፥ አንበሳ ያስራል አሉ፤
እዚህ ግን ካበሩ፥ ቅንጣቶቹ ይከዳሉ።
ተቃቅፈው ጓል ይሆናሉ፤ ጓል ባለበት ሙጫው
እንደ ክፉ ስፌት ይተረተራል፤
በዚያ ውሃ ይገባል፥ ጨው ውሃን ይከተላል።
ጽናታቸው መበተን ነው። እያንዳንዱ ለብቻው፥
የፖሊመሩን ረጅም ክር፥ ጨብጦ በየቦታው።
ስለዚህ ታናውጣቸዋለች፥ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፥
ሰዓት እያየች፤
ዳግም እንዳይፈላለጉም፥ ስስ የሲሊኮን ልብስ
ለእያንዳንዱ ታለብሳለች።
(ልብስ ለሚሆነው ልብስ። አጎቷ ቢሰማ ይስቃል።)

አሥራ ሁለት ቁራጭ ብረት ቀባች። በቢላ ጫፍ
ደረታቸውን ጫረች፥ አቋርጣ፥ እስከ አጥንት።
ጨው በጉም የሚነፋ ሳጥን ውስጥ ተደርድረው ገቡ።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤ የሳጥኑ ጨው ግን
ለማንም አይጣፍጥም። ይበላል እንጂ አይበላም።
አርባ አንድ ቀን፥ አሥራ ስድስት ሰዓት።
ሺህ ሰዓት ሞላ።

እሑድ ነው። ኔጃቲ መጣ፥ መነጽሩን ረስቶ።
ቁራጮቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፥ ዓይኑን ጨፍኖ፥ ጎንበስ ብሎ፥
አንድ፥ ሁለት፥ ስድስተኛው ላይ "ማሻላህ" አለ።
ሰባተኛው ላይ ጣቱ ቆመ።
ምስር የማታህል እብጠት። ከሥሯ ቡናማ እንባ።
"እዚህ ጋ" አለ፥ "ቸኩለሻል።"

ቸኩላ ነበር። ያን ቀን ማናወጫውን አጥፍታ፥
ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፥ ሮጣ የሄደችው
ለእሱ ነው፤ ሐኪሙ ፎቶውን ሊያሳያቸው ጠርቶ።
በጥቁሩ ሳንባ ላይ ነጭ ነጭ፤ የፋቀው፥ የተነፈሰው፥
የሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ፥
ተፈላልጎ፥ ተቃቅፎ፥ ጓል ሠርቶ።

አልነገረችውም። መዝገቧን ገለጠች፦
"ቁራጭ ሰባት፦ ወደቀ። ምክንያት፦"
ብላ ተወችው፥ ባዶ።

"የቀሩት ግን" አለ፥ "ጎበዞች ናቸው። ቀለም እንዲህ ከቆየ
የእኔን መፋቂያ ማን ይገዛል?"
ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፥
ሳሉ ቆየ።
ከዚያ የዱቄቱን ብልቃጥ አየ፥ ክዳኑ የላላውን፤
እጁን ዘርግቶ
አገጯ ሥር የወረደውን ጭምብል አፏ ላይ መለሰ፥
ማሰሪያውን ከጆሮዋ ኋላ አጠበቀላት፥
አንዴ፥ ደግሞ አንዴ፥
መርከብ እንደሚያስር ሰው።